ጎታ የሌላት ማድ ቤት

   ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ማድ ቤት ነው። "ደግሞ ወታደር የነበረ ሰው ስለ ማድ ቤት ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። እስቲ ታገሡኝ። የመከር ወራት ሲደርስ በእናቴ ማድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ "የኛም ቤት እንዲሁ ነው!" እንደምትሉ አውቃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

"ከተማ ውስጥ ምን መከር አለ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! የዳስ በዓል፣ አባቶቻችን በዓለ መጸለት የሚሉት፣ በኦሪት ሌላም ስም አለው፤ የመክተቻ በዓል ይባላል። የአውድማውና የወይን መጭመቂያው ፍሬ ወደ ቤት የሚከተትበት ጊዜ ማለት ነው። እዚህ አገር መሬት ያለውም የሌለውም በዚህ ሰሞን ይከትታል። በዋዲ ኒስናስ ገበያ አረንጓዴ ወይራ በሣጥን በሣጥን ይደረደራል። ዐረቦቹ ጎረቤቶቻችን ወይራውን ሰንጥቀው በጨውና በሎሚ ይዘፈዝፋሉ፣ የዓመት ዘይታቸውንም በቆርቆሮ ይገዛሉ። ከሞሮኮ የመጡት ሎሚውን በጨው በጠርሙስ ይከትታሉ። የኛዎቹ እናቶች ደግሞ ቀይ በርበሬ ፍለጋ ይወጣሉ።

እናቴ በርበሬዋን የምትገዛው ሃዳር ሰፈር ካለው የታልፒዮት ገበያ ነው፤ ያውም በኪሎ ሳይሆን በሣጥን። ከዚያ ሚርፔሴቱ ላይ፣ ማለት በረንዳው ላይ፣ አሮጌ አንሶላ ይነጠፍና በርበሬው ይሰጣል። ሃይፋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከተማዋ ባሕር ዳር ናት፣ አየሯ እርጥብ ነው። አገር ቤት በጥቂት ቀን ፀሐይ ኮሽ ኮሽ የሚለው በርበሬ እዚህ ሳምንት አልፎትም እንደ ቆዳ ይለመጣል። ማታ ካልገባ ጤዛ ይመታዋል። ጤዛ የመታው በርበሬ ከውስጡ ይሻግታል፤ የሻገተው ደግሞ መርዝ ነው፣ ቢቆሉትም መርዙ አይለቅም። ስለዚህ በየማታው ተሰብስቦ መግባት አለበት። የመጀመሪያው ዝናብ፣ እዚህ ዮሬ የሚሉት፣ ሳይታሰብ ከመጣ ደግሞ በቀንም ይገባል። የት? ማድ ቤት ነዋ!

እስቲ ማድ ቤቷን ላሳያችሁ። ሕንፃው አሮጌ ነው። ማድ ቤቱን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ሁለት በሦስት፣ በጠቅላላው 6 ካሬ ሜትር ነው። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና የዕቃ ማጠቢያው የየድርሻቸውን ሲወስዱ የሚቀረው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። ሻይሹ ላይ፣ ማለት የድንጋይ ጠረጴዛው ላይ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከነአክንባሎው ተቀምጧል። ምጣድ መቼም ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም። የሊጡ ባልዲ ከሥሩ፣ መሶቡ ማቀዝቀዣው ራስ ላይ፣ ሰፌዱና ወንፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ሙቀጫው ከነዘነዘናው በሩ ጥግ።

በዚህ ላይ የኮሸር ነገር አለ። ለሥጋና ለወተት የተለያየ ድስት፣ የተለያየ ሳህን፣ የተለያየ ማንኪያ ያስፈልጋል። ለፋሲካ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ዕቃ አለ፤ በዓመት አንድ ሳምንት ይሠራበትና ዓመቱን ሙሉ ቦታ ይዞ ይኖራል። አገር ቤት ሳለን ይህ ጣጣ በሌላ መንገድ ነበር የሚያልቀው። ፋሲካ ሲደርስ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ይሰበርና አዲስ ይሠራ ነበር። ሴቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን ያየ ይህን ያውቃል። ዓመት በመጣ ቁጥር ቤቱ ከአሮጌ ዕቃ ይጸዳ ነበር ማለት ነው። እዚህ ግን የብረት ድስት አይሰበርም፤ ይጠራቀማል!

እንግዲህ በዚህች ማድ ቤት ውስጥ ነው የበርበሬው ሣጥን፣ የጤፉ ማዳበሪያ፣ የሽምብራው፣ የምስሩ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ጉንጉን ሁሉ የሚገባው። ታናሽ እህቴ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ናት። በመጣች ቁጥር "እማዬ፣ ሱፐርማርኬቱ እኮ ከቤትሽ አምስት ደቂቃ ነው! ይህን ሁሉ ባላጋን ለምን ታከማቺዋለሽ?" ትላለች። ባላጋን ማለት በዕብራይስጥ ዝርክርክ ማለት ነው። እማዬ መልስ አትሰጥም። አንዱን ማዳበሪያ ገፋ ታደርግና ወንበር ታወጣላታለች፣ ቡና ታፈላለች። አንድ ቀን እህቴ ለብቻዬ ጠርታ "አንተ እማዬን ገበያ ውሰዳት፣ እኔ ሁለት ሰዓት ይበቃኛል፣ ሁሉንም ወስጄ እጥለዋለሁ" አለችኝ። "አይሆንም" አልኳት። ለምን እንዳልኳት ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችሁም ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

እኔ የተወለድኩት ቋራ ነው። በ1999 የቋራ ቤተ እስራኤል ወደዚህ ሲመጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን የማስታውሰው ጎታውን ነው። ጎታ ለማታውቁ፣ ቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። የኛን እማዬ ራሷ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ነበር ያቆመችው፤ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለት፣ ከኔ ቁመት በላይ ነበር። ከሥሩ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው፣ በእበት የምትደፈን። አዲሱ እህል ከላይ ይገባል፤ ለምግብ የሚወጣው ከሥር ነው። ጎታው ሲሞላ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁ ይለወጥ ነበር። አባባ እንኳ ከእንግዳ ጋር የሚሳሳቀው ያኔ ነው።

እማዬ ጎታ ባዶ ሆኖ ያየች ሰው ናት። በ1984 እና በ1985 በነበረው በዚያ ክፉ ቀን ገና ወጣት ነበረች። በዚያን ጊዜ ከወገኖቻችን ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ የቀሩት እስከ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የእማዬ ታላቅ ወንድም ከነሱ አንዱ ነው። እማዬ ስለ እሱ ብዙ አታወራም። "ስንቅ አልያዘም ነበር" ትላለች፣ በቃ። ሌላ ነገር ስትል ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ከመጣንም በኋላ ልቧ አላረፈም። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት ጤፍ ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ሲከለክል የኛ ሰፈር እናቶች ምን ያህል እንደደነገጡ አስታውሳለሁ። ሱፐርማርኬቱ ዳቦ ሞልቶታል፤ ለነሱ ግን እንጀራ ከቀረ ምግብ ቀረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ደግሞ ከሊባኖስ የሚተኮስ ሮኬት ሃይፋ ላይ ወደቀ፣ በባቡር ጥገናው ስፍራ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ፣ ሱቆችም ተዘጉ። እኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታዲያ እንዲህ ያለች እናት ያስቀመጠችውን ከጀርባዋ ወስዶ መጣል ምን ይባላል? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶች።

ይህን ስል ግን እህቴ እውነት የላትም ማለቴ አይደለም። ችግሩ እንዴት እንደወጣ ልንገራችሁ።

አዳዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ማማድ የሚባል በኮንክሪት የተጠናከረ ክፍል አለ። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ለሚሠሩ ቤቶች ግዴታ የሆነ ነው። የእማዬ ሕንፃ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ያለው ምድር ቤት ውስጥ አንድ የጋራ ሚክላት፣ ማለት መጠለያ ብቻ ነው። ሚክላት ሰላም ሲሆን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ማህሳን ይሆናል፣ መጋዘን! አንዱ የተሰበረ ብስክሌቱን፣ አንዱ አሮጌ ፍራሹን፣ ከሩሲያ የመጣችው ጎረቤታችን በጨው የከተተችውን ኪያር በትላልቅ ጠርሙስ፣ እማዬም ማድ ቤቷ ሲጠብባት ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ አስገባች። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ፣ ልክ በዓላቱና የበርበሬው ጊዜ ሲደርስ፣ ሳይረኑ ሃይፋ ላይ መጮህ ጀመረ። እዚህ ከሳይረኑ በኋላ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። የእማዬ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ያማታል። በዚያ ማታ አብሬያት ነበርኩ፤ ደግፌ አወረድኳት። ሚክላቱ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ በፍራሽና በብስክሌት መካከል ተጣቦ ቆሟል። ከባዱን የብረት በር ልንዘጋ ስንገፋው አልዘጋ አለ። አንድ የጤፍ ማዳበሪያ ተንሸራቶ በሩን ይዞታል። ሁለት ጎረምሶች ጎትተው አነሡትና በሩ ተዘጋ። በዚያ ማታ ማንም አልተጎዳም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግን እማዬ ያንን ማዳበሪያ ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ሕይወት ያድናል ብላ ያስቀመጠችው እህል በሩን ይዞ ቆሟል።

በማግሥቱ የሕንፃው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሚክላቱን ባዶ አደረገው። እያንዳንዱም የራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ወጣ። ስለዚህ በመከሩ ወራት አጋማሽ፣ ሚርፔሴት ላይ በርበሬ ማስጣት ራሱ በሚያስፈራበት ሰሞን፣ ከሚክላቱ የወጣው ሁሉ ተመልሶ እዚያችው 6 ካሬ ሜትር ውስጥ ገባ። በር እንኳ በግማሽ ነበር የሚከፈተው። እህቴ መጣችና "አሁንስ? አሁንም አይጣል?" አለች። እማዬ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ "ልጄ፣ ሳይረን ሲጮህ ሱቅ ይከፈታል?" አለቻት። እህቴ ዝም አለች። እውነትም በዚያ ሰሞን መንግሥት ራሱ "በየቤታችሁ ውኃና የማይበላሽ ምግብ አስቀምጡ" እያለ ነበር።

እኔ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ገባኝ። ማስቀመጥ ልክ ነው፤ መተላለፊያ የሚዘጋ ማስቀመጥ ግን አደጋ ነው። የቀረው ነገር ሥርዓት ማበጀት ብቻ ነበር። ወታደር ሳለሁ መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያልተቆጠረ ዕቃ የለህም ማለት ነው። ብዙ ሊመስልህ ይችላል፤ የምትፈልገውን ስትፈልግ ካላገኘኸው ግን የለህም። "እማዬ፣ አንድም ነገር አልጥልም። እንቁጠር ብቻ" አልኳት። "ቁጠር እንግዲህ" አለች።

አንድ ሙሉ አርብ ጠዋት ፈጀብን። የተገኘው ይኸው፦ 25 ኪሎ የሚይዝ የጤፍ ማዳበሪያ አራት። በርበሬ፣ የአራት ዓመት ምርት፣ በ11 ዕቃ ተበትኖ። ሽሮ 9 ኪሎ፣ ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ግማሹ አልጋ ሥር። ሽምብራው ነቅዟል። የተፈጨው የጤፍ ዱቄት አንዱ ከረጢት ሽታው ተለውጧል። ያልተፈጨው ጤፍ ግን ከሁሉ አሮጌው እንኳ ምንም አልሆነም። ጤፍ እንዲህ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ እንደ ስንዴና እንደ ማሽላ ነቀዝ አይደፍረውም። ዱቄት ሲሆን ግን ዕድሜው ያጥራል። እማዬን በጣም ያስገረማት ደግሞ ክዳን የሌላቸው 63 ባዶ የፕላስቲክ ዕቃዎች መኖራቸው ነው።

ከዚያ ሒሳብ ሠራን። እማዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጋግራለች፣ በአንድ ጊዜ 3 ኪሎ ያህል ዱቄት ይፈጃል። በሳምንት 6 ኪሎ ማለት ነው። 100 ኪሎው ለአራት ወር ገደማ ይሆናል። እህቴም ይህን ስትሰማ "እኔ ለአሥር ዓመት የሚበቃ ነበር የመሰለኝ" አለች። ለልጆችም ለልጅ ልጆችም ለምትጋግር እናት የአራት ወር ስንቅ መቼም እብደት አይደለም። ችግሩ ብዛቱ አልነበረም። አዲሱ በተገዛ ቁጥር ከፊት ይቀመጣል፣ አሮጌው ወደ ኋላ ይገፋል። ሁልጊዜ የሚበላው አዲሱ ነው፤ አሮጌው ከኋላ ተቀምጦ ያረጃል። በርበሬው ላይ የታየው ይኸው ነበር።

በዚያ ሰንበት እየተጫወትን ለእማዬ ከኦሪት አንድ ነገር አነሣሁላት። ዘሌዋውያን 26፥10 ላይ ለሕዝባችን ከተነገሩት በረከቶች አንዱ ስለ ጎተራ ነው። ብዙ ዘመን የተቀመጠውን እህል ትበላላችሁ፣ አዲሱም ስለሚመጣ አሮጌውን ታወጣላችሁ የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ በፊት ሳነበው በረከት ማለት የጎተራ መሙላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን መብላትንና ማውጣትንም ጨምሮ ነው በረከት ያለው። ዮሴፍም በግብፅ ያከማቸው ቀኑ ሲደርስ ጎተራውን ሊከፍት ነው። በምድረ በዳ የወረደውን መና ደግሞ ከታዘዘው በላይ ያሳደሩት ሰዎች ትል አገኙበት። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ከቄሶቹ አፍ የሰማችውን ግን አትረሳም። አዳምጣኝ ስታበቃ ሳቅ አለችና "ይህንንማ ጎታችን ያውቀው ነበር" አለችኝ።

ይህን ስትል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እኔ የሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት ብረታ ብረት ነው። ያኔ ከኢትዮጵያ የመጣን ልጆች ብዙዎቻችን ወደ ሙያ የተላክነው ፍላጎታችንን ማንም ጠይቆን አልነበረም፤ ይህ የሚያማቸው ጓደኞች አሉኝ፣ እኔም ያመኝ ነበር። ግን አያቴም ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን ለአገሩ ሁሉ እየሠራ "ቡዳ" ተብሎ የኖረ ሰው ነው። ብየዳ ስይዝ እሱን አስባለሁ።

ኒሮስታ፣ ማለት የማይዝግ ብረት፣ ገዛሁና ለእማዬ ጎታ ሠራሁላት። ወርዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። እርጥበት እንዳይነካው አራት እግር አለው፤ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል፣ እንዳይወድቅ። ከላይ ክዳን፣ ከሥር የሚንሸራተት በር አለው። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለ ስለሆነ ጤፉ ራሱ ይወርዳል። በሩ ዙሪያ ጎማ ማድረግ ነበረብኝ፤ ጤፍ ስሙ ራሱ "ጠፋ" ከሚለው መጣ ይባል የለ? ትንሽ ክፍተት ካገኘ ይጠፋል! አሁን አራቱ ማዳበሪያ መሬት ላይ ይዞት የነበረው ቦታ ነጻ ሆኗል። አዲሱ ከላይ ይገባል፣ የሚበላው ከሥር ይወጣል። እማዬ መጀመሪያ ስትከፍተው ጤፉ እጇ ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

ሁላችሁም ብረት በያጅ ቤታችሁ የለም። ስለዚህ ያለ ብየዳ የሚሠራውን ልጻፍላችሁ፤ ለኛ በጣም ጠቅሞናል።

አንደኛ፣ ከአዲሱ መከር በፊት ቁጠሩ። በርበሬ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን በርበሬ አውጥታችሁ እዩ። ወንዶች ልጆችም አግዙ፤ ማዳበሪያ ማንሣት የእናት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በየዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፉና ወርና ዓመት ጻፉ። እናታችሁ ካላነበበች በቀለም ለዩት። የኛ ቤት የዘንድሮው ቀይ፣ የአምናው ሰማያዊ ክር ይታሰርበታል። ሰማያዊው ሳያልቅ ቀዩ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ ጤፍ በእህልነቱ ይቀመጥ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚሆነው ብቻ ይፈጭ። ዱቄት ቦታም ይይዛል፣ ይበላሻልም።

አራተኛ፣ በርበሬ ሳይደርቅ አይከተት። ሲሰብሩት ኮሽ ካላለ ገና ነው። ከተፈጨ በኋላ ለወር የሚሆነው በጠርሙስ ማድ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው በትንንሽ ከረጢት አየሩ ወጥቶለት በረዶ ቤት ይግባ። አሥር ትልልቅ ባልዲ ከሚይዘው ቦታ ሁለት መሳቢያ ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ ምንም ነገር ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ከግድግዳም አይጠጋ። በሃይፋ ክረምት ግድግዳ ያልባል፤ የነካውን ሁሉ ያሻግታል። የእንጨት ርብራብ ከሥር አድርጉ።

ስድስተኛ፣ የፋሲካውን ዕቃ ማድ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። በሣጥን አሽጉና ከቁም ሣጥን ራስ ላይ ስቀሉት። ስታወርዱት ግን ሰው ይያዝላችሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን!

ሰባተኛውና ዋናው፣ የሚክላት መንገድ፣ የሚክላት በርና የማማድ ውስጥ የእህል ቦታ አይደለም። እዚያ የሚቀመጠው ውኃ፣ መብራትና ትንሽ ስንቅ ብቻ ነው።

ከቆጠራው የተረፈው አሮጌ ነገርስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። የነቀዘውና የሻገተው ተጣለ፤ እማዬ ራሷ ነች የጣለችው፣ በገዛ እጇ። ደህናው አሮጌ ጤፍ ግን ሌላ ዕጣ ደረሰው። በኖቬምበር 27፣ 2024 ተኩሱ ቆመ። በዚያው ሳምንት ስግድ ደረሰ። በዓሉ በ2008 በክኔሴት ሕግ የመላው አገር በዓል ሆኖልናል። እማዬ "አሮጌው ይውጣ ብለሃል አይደል?" ብላ ያንን ጤፍ አስፈጭታ ሁለት ቀን ጋገረች። ከጾሙ በኋላ ዘመድ ሁሉ በላ። ከኪያር ጠርሙሷ ጋር ሦስት ፎቅ የወጣችው ሩሲያዊቷም በላች። "ይህ በሩን ይዞ የነበረው ነው?" ብላ ስትጠይቅ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በኦሪት የእርሻውን ዳር አትጨዱ፣ ቃርሚያውን ለድኃና ለመጻተኛ ተዉት ተብሏል። ለኛ ለከተማ ሰዎች ቃርሚያችን መደርደሪያው ጀርባ ያለው ነው መሰለኝ። ሳይበላሽ ለጎረቤት ይውጣ።

በጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት ሲነሣና ሚሳይሉ ሃይፋንም ሲመታ ሚክላታችን ባዶና ንጹሕ ነበር። ወንበሮች ተደርድረዋል፣ በሩ በአንድ እጅ ይዘጋል። እማዬ በትንሽ ቅርጫት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዛ ትወርድ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ቆሎ ለመዱ! ስንቋን አልተወችም፤ በልኩ ያዘችው።

እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእናታችሁ ማድ ቤት ሲያስጨንቃችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቋት። ያ ሁሉ ማዳበሪያ የሆነ ክፉ ቀን አለበት። ካዳመጣችኋት በኋላ አብራችሁ ቁጠሩ፣ አብራችሁ አውጡ። እናቶቻችን ሆይ፣ እናንተም ልጆቻችሁ ሲያግዟችሁ እሺ በሏቸው፤ ያስቀመጣችሁት ለነሱ አይደል? በጎንደርና በመላው አማራ ክልል ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ከኦገስት 2023 ወዲህ ያያችሁትን መከራ እንሰማለን። ያረሳችሁትን በሰላም ለመሰብሰብ፣ የሰበሰባችሁትን በሰላም ለመብላት ያብቃችሁ። የሁላችንም ጎታ ይሙላ፣ ከሥሩም ለሰው ይውጣበት።

ቸር ሰንብቱ፣ በሰላም ያገናኘን። አሜን!